ጎማ፣ ንፋስና እኛ

በቅድሚያ አንድ ነገር እንናዘዝ። ስለ መኪና የምንጽፈው አውቀን አይደለም፤ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለንም። (ደግሞ "እኛ" ስንል ብዙ የሆንን እንዳይመስላችሁ። ጋዜጠኝነት ሲያስተምሩን "እኔ" የሚባል ነገር ከጽሑፍ ይውጣ ብለው ስላስለመዱን ነው እንጂ አንድ ነን።) ያም ሆኖ ስለ ጎማ ንፋስ የምናውቃት ነገር አለች፤ ያወቅናትም ቡሬ ላይ፣ አንድ ጎሚስታ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ነው።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ያኔ የጎጃም መንገድ እንዳሁኑ አስር ጊዜ ደውለው ጠይቀው የሚወጡበት አልነበረም። ሌሊት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ማርቆስ ምሳ መብላት፣ ሳይመሽም ቡሬ መግባት የተለመደ ነበር። የአጎታችን ልጅ ልታገባ ነው፤ ታላቅ ወንድማችን ደግሞ ኮሮላ ከገዛ ገና ሦስት ወሩ ነው። ታዲያ ማን አውቶቡስ ይሳፈራል?

ወንድማችን የመኪና እሽቅድምድም ካየ እህል ውኃ አይልም። ከጉዟችን በፊት ባለው ሳምንት ስልኩን ይዞ መጣና "እስቲ ያንቺ እንግሊዝኛ ይሻላል፣ ይሄ ምን ይላል?" አለን። ለመንገድና ለውድድር የጎማ ንፋስ እንዴት እንደሚስተካከል የሚያስረዳ ረዥም ጽሑፍ ነው። እኛ ደግሞ በማግስቱ የምናስረክበው የቤት ሥራ ነበረብን። ዓይናችንን ከላይ እስከ ታች ሮጥ አድርገን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረስንለት፦ ተወዳዳሪዎች ንፋስ ይቀንሳሉ፤ ጎማው አስፋልቱን በደንብ ይይዛል፤ እየሞቀ ሲሄድ ግፊቱ ራሱ ከፍ ይላል።

ሦስቱም እውነት ናቸው። ነገሩን የከፋ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ወረቀት 2.2 ባር ይላል። ወንድማችን 1.7 አስደረገው። ከዚያ አምስት ሰው ተጫነ፦ እሱ፣ አባታችን፣ እናታችን፣ አክስታችንና እኛ። ኮፈኑ ውስጥ ደግሞ ሃምሳ ኪሎ ስኳር፣ የሙሽራዋ ድስቶች፣ እናታችን ብቻ የምታውቃቸው ፌስታሎች። ገና ከግቢ ስንወጣ አባታችን የኋላውን ጎማ አይቶ "ይሄ ነገር የተቀመጠ አይመስልም?" አለ። "አባዬ፣ አሁን የሚሠራው እንደዚህ ነው" አለ ወንድማችን። ወደኛም ዞር ብሎ ጠቀሰን።

የዓባይን በረሃ ወርደን፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን የጃፓኖች ድልድይ ተሻግረን፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወጥተን ደጀን ስንደርስ አስለካ። 2.1። "አየሽ! ራሱ ሞላ!" አለን በደስታ። እኛም የምሁር ኩራት ተሰማን እንጂ ሌላ ምንም አልተሰማን።

ፍኖተ ሰላምን አልፈን፣ ማንኩሳን ተሰናብተን፣ ቡሬ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን የግራ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ድምፁን ሁሉም ሰው የሰማ ይመስለናል፤ አክስታችን ግን እስከ ዛሬ "እኔ የሰማሁት የእናታችሁን ጩኸት ነው" ትላለች። መኪናው ወደ ቀኝ ወደ ግራ ዋዠቀ። ወንድማችን ፍሬኑን አልረገጠም፤ መሪውን ብቻ ይዞ ተሟገተ። ከአስፋልቱ ወጥተን የታጨደ በቆሎ ማሳ ጫፍ ላይ ቆምን። ከፊት ለፊታችን ባሕር ዛፎች ነበሩ። ስንት እርምጃ ይቀሩ እንደነበር አባታችን ወርዶ ቆጠራቸው፤ ቁጥሩን ግን ለማንም አልነገረም።

የአካባቢው ገበሬዎች ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። ክሪኩ አፈሩ ውስጥ ሲሰምጥ አንድ አዛውንት ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥተው ከሥሩ አደረጉልን፤ ሌሎቹ መኪናውን በእጃቸው ደገፉት። እናታችን የሙሽራዋን ድስት ታቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ስፔሩ ጎማ ታስሮ ቡሬ ገባን።

ቡሬ የመንገድ ከተማ ናት። አንዱ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ነቀምቴ ይገነጠላል። ጎሚስታው ከሃያ ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነው። ጎማውን ከቸርኬው አውጥቶ በባትሪ ውስጡን አሳየን። ጥቁር ዱቄት ነበረበት፤ ልክ የተፈጨ ጎማ።

"ይሄ በምስማር አልሞተም አባባ" አለው አባታችንን። "በንፋስ እጥረት ነው የሞተው። ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ራሱን በላ። ስንት ነበር የሞላችሁት?"

ማንም አልመለሰም።

ልጁ ያስረዳን ይህን ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማ ነው፤ ማለትም መኪናው ለሰዓታት ቆሞ ካደረ በኋላ ለሚለካ። ጎማ ሲሄድ ይሞቃል፣ ንፋሱም ይጨምራል፤ ያ የታወቀ ነው። ግን ከመጠን በላይ ከጨመረ፣ መነሻው ያነሰ ነበር ማለት ነው። ደጀን ላይ እልል ያልንበት 2.1 "ልክ ነው" ማለቱ አልነበረም። እየጮኸ ነበር። በኋላ ቁጭ ብለን አሰላነው፦ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ግፊቱ 0.1 ባር ገደማ ይጨምራል፤ የኛ በ0.4 ጨምሯል። ከማለዳው ይልቅ በ40 ዲግሪ ገደማ ሞቆ ነበር ማለት ነው።

"ወደ ነቀምቴ የሚወርዱትስ?" አለ ወንድማችን። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። "እነሱ ትንሽ ያስቀንሳሉ፤ ግን ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። አስፋልት ሲወጡ መልሰው ያስሞላሉ" አለ ልጁ።

የእሽቅድምድም ሰዎችም ያለ ምክንያት አይቀንሱም። ቀዝቃዛውን ዝቅ አድርገው የሚጀምሩት ሲሞቅ ወደሚፈልጉት ቁጥር እንዲደርስላቸው ነው፤ ጥቂት ዙር ሮጠው ገብተው ይለካሉ፣ ያስተካክላሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። መኪናው ላይ አንድ ሾፌር እንጂ አክስትና ስኳር የለም። እዚያም ቢሆን ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሞንዛ ላይ ሉዊስ ሃሚልተን ካሸነፈ በኋላ አንድ የኋላ ጎማው ከዝቅተኛው ወሰን በ0.3 ፒኤስአይ አንሶ ተገኝቷል ተብሎ ዳኞች መርምረውታል፤ ድሉ ጸናለት እንጂ። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ሰብስቧል። ብዙዎቹ የተገጠሙት በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ነበር። ፎርድ የመከረው 26 ፒኤስአይ፣ ማለትም 1.8 ባር ገደማ ነው፤ አንዱ ጎማው ነው፣ ሌላው ግፊቱ ነው እያለ ሲያላክክ ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት ነገር ሆኖ ቀረ። የኛ 1.7 ነበር።

ወንድማችን ያን ቀን "ማን ነገረህ?" ሲባል "ራሴ ነኝ" አለ። አባታችን ፊቱን አዞረ። እኛ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ጫማችንን እናይ ነበር። ሰርጉ ተሰረገ፣ ተጨፈረ፣ እናታችን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ በአውቶቡስ ካልሆነ አልሄድም አለች። ወንድማችን በመልሱ ጠዋት ማንም ሳይነሳ ወጥቶ ጎማውን ሲለካ በመስኮት አየነው።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ያን ጽሑፍ ፈልገን አገኘነውና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ጽፈን ሰጠነው። ቆሞ አነበበው። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ "ይህ ለውድድር ሜዳ ብቻ ነው፤ ለመንገድና ለጭነት የአምራቹን ቁጥር ተከተሉ" የሚል አለ። እዚያ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ይሄ ያኔም ነበረ?" አለን።

ነበረ።