የማይጥለው የሚጥል በሽታ፦ እንቅልፍን የሚመሩ የአንጎል ኬሚካሎችና የሕፃናት አብሰንስ

አማርኛ ይህን ሕመም የሰየመው በሚታየው ድርጊቱ ነው፤ የሚጥል በሽታ። ስሙ ሲጠራ መሬት ላይ የወደቀ፣ አረፋ የደፈቀ፣ እጅ እግሩ የሚንፈራገጥ ሰው በዐይነ ኅሊና ይመጣል። በዳንግላ ገበያ መካከል እንዲህ የሆነ ሰው ቢገኝ ክብሪት ጭሮ ጭሱን የሚያሸት አንድ ሰው አይጠፋም። አብሰንስ የሚባለው ዓይነት ግን አይጥልም። ልጁ እንደተቀመጠ ይቀራል፤ ዐይኑ ይፈዛል፣ ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል፣ የጀመረው ቃል በአፉ ላይ ይንጠለጠላል። አሥር ሰከንድ ያህል ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ በቀን ብዙ አሥር ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ማለትም ልጁ ፊደል በሚቆጥርበትና መደመር መቀነስ በሚማርበት ጊዜ። በትምህርት ቤት «ፈዛዛ»፣ በቤት «ልቡ የማይገኝ» ይባላል። ሕመሙ ስም አላጣም፤ ያገኘው ስም ግን የጠባይ ስም ነው።

ይህ የስም ጉዳይ በጥናትም ላይ ጥላውን ያጠላል። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲታተም፣ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው መገኘታቸውን አሳይቷል፤ ከሺህ ሰው 5.2 ማለት ነው። ሥራው እስከ ዛሬ የአገሪቱ መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ሊጠቀስም ይገባዋል። ሆኖም ቤት ለቤት የሚደረግ ማንኛውም ቆጠራ የሚይዘው ቤተሰቡ አይቶ የሚናገረውን ነው። መውደቅ ይነገራል፤ መፍዘዝ ግን አይነገርም። በአዊ ዞን ተመሳሳይ ቆጠራ ቢደረግ፣ ጠያቂው «የሚወድቅ ልጅ አለ ወይ?» ብሎ እስከ ጀመረ ድረስ አብሰንስ ያለበት ልጅ በመዝገቡ ላይ ሊገባ አይችልም።

ሕመሙን ከእንቅልፍ ጋር የሚያገናኘው ነገር መጀመሪያ የታየው በወረቀት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ጊብስ፣ ዴቪስና ሌኖክስ የተባሉ ተመራማሪዎች በቦስተን የአንጎልን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው መሣሪያ (ኢ.ኢ.ጂ.) የእነዚህን ሕሙማን ሞገድ አነሱ። ልጁ በፈዘዘ ቅጽበት ሹል ጫፍና ዝግተኛ ሞገድ ተያይዘው በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል በሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ላይ በአንድነት ይወጣሉ፤ ልጁ ሲመለስም ወዲያው ይቆማሉ። ንቁ የሆነ አንጎል እንዲህ ያለ ሰፊና የተቀናጀ ምት የለውም። የተቀናጀ ምት የእንቅልፍ ጠባይ ነው። ክስተቱም የሚበዛው ልጁ ዝም ብሎ በተቀመጠበት፣ ባንቀላፋበትና ከእንቅልፍ በነቃበት የሽግግር ሰዓት ነው፤ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ደግሞ በጣም ይቀንሳል።

ለዚህ ምክንያቱ በአንጎል መካከል ከሚገኘው ታላመስ ይጀምራል። ከዐይን፣ ከጆሮና ከቆዳ የሚመጣ መልእክት ወደ ኮርቴክስ የሚያልፈው በእርሱ በኩል ነው። የታላመስ ሕዋሳት ሁለት አሠራር አላቸው። በንቃት ጊዜ የመጣላቸውን መልእክት አንድ በአንድ ያስተላልፋሉ፤ በእንቅልፍ ጊዜ ግን በራሳቸው ምት በአንድነት እየተኮሱ የውጭውን መልእክት ያግዳሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግሯቸው ኬሚካሎች ናቸው። አሴቲልኮሊን፣ ኖርአድሬናሊን፣ ሴሮቶኒን፣ ሂስታሚንና እ.ኤ.አ. በ1998 የተገኘው ኦሬክሲን ሕዋሳቱን በንቃት ደረጃ ይይዟቸዋል። እነዚህ ሲቀንሱና ጋባ የተባለው አረጋጊ ኬሚካል ሲያይል የሕዋሱ የኤሌክትሪክ መጠን ዝቅ ይላል። በዚህ ጊዜ በንቃት ወቅት ከሥራ ውጭ የነበሩ ቲ-ዓይነት የካልሲየም በሮች ለመከፈት ይዘጋጃሉ፤ ትንሽ ማነሣሻ ሲያገኙም ባንድ ጊዜ ተከፍተው ሕዋሱ በችኮላ እንዲተኩስ ያደርጉታል። ጤናማ አንጎል በዚህ መንገድ የእንቅልፍ ሞገድ ይሠራል። ለአብሰንስ በተጋለጠ አንጎል ውስጥ ያው መንገድ ልጁ ዐይኑን ከፍቶ ሳለ የሰከንድ 3ቱን ምት ያስተናግዳል።

እዚህ ላይ አንባቢን የሚያስገርመው የጋባ ነገር ነው። ጋባ ማረጋጊያ ከሆነ፣ ማረጋጊያ ሲጨመር ሕመሙ ሊበርድ ይገባ ነበር። በሚያንፈራግጠው ዓይነት እንዲሁ ይሆናል፤ በአብሰንስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጋባን ከሕዋስ ውጭ የሚያበዛው ቲያጋቢን የተባለ መድኃኒት አብሰንስን ያስነሣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናትም በአብሰንስ አምሳያ አይጦች ታላመስ ውስጥ የጋባ የማያቋርጥ ግፊት ከመጠን በላይ መሆኑን አሳይቷል። ጋማ ሃይድሮክሲቡቲሬት የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያነጋግራል፤ ድንገተኛ እንቅልፍ ለሚጥላቸው ሕሙማን የሌሊት እንቅልፍን ለማጥለቅ ይታዘዛል፣ በአይጥ ላይ ሲሞከር ግን አብሰንስን የሚመስል ሞገድ ያመጣል። አንድ ኬሚካል በአንድ በር ሁለቱን ያስገባል።

ይህ ሥዕል የተሟላ ነው ብሎ መውሰድ ግን ችኮላ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት የአብሰንስ ሞገድ የተበላሸ የእንቅልፍ ሞገድ ነው ተብሎ ሲነገር ቆይቷል፤ የኋላ ጥናቶች ግን ነገሩን እንዲህ ቀላል አላገኙትም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአይጥ ላይ በተደረገ ጥናት ምቱ የሚነሣው ከኮርቴክስ፣ ያውም የፊትንና የአፍን ስሜት ከሚቀበለው ቦታ ሆኖ ተገኝቷል፤ ታላመስ ተከትሎ ይገባል። ስለዚህ የእንቅልፍ ኬሚካሎች ሚና ሕመሙን መፍጠር ሳይሆን መንገዱን መክፈት ነው ቢባል ከማስረጃው ጋር የተሻለ ይስማማል። ልዩነቱ የቃላት አይደለም። ፈጣሪ ቢሆኑ ኖሮ እንቅልፍን ማስተካከል ብቻውን ሕክምና በሆነ ነበር፤ መንገድ ከፋች ከሆኑ ግን እንቅልፍ ከመድኃኒቱ ጎን ይቆማል እንጂ አይተካውም።

መድኃኒቱ ራሱ በአዊ ዞን እንደ ሌላው የአገሪቱ ገጠር ሁሉ የሚያነጋግር ነው። በጤና ጣቢያ ደረጃ በቀላሉ የሚገኘው ፌኖባርቢታል ነው፤ ርካሽ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድና ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተፈተነ። ለሚያንፈራግጠው ዓይነት የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል። የሚሠራው ግን የጋባን ኃይል በማጉላት ነውና ለአብሰንስ አይጠቅምም፤ አንዳንዱን ልጅ ያብስበታል፣ ደግሞም ያስተኛዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለጠቅላላ ጤና ባለሙያዎች ባወጣው የአእምሮ ጤና መመሪያ ከተዘረዘሩት አራት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ውስጥ ለአብሰንስ የሚሆነው ቫልፕሮይክ አሲድ ብቻ ነው፤ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን እንዲያውም ሊያባብሱት ይችላሉ። ያለ ልየታ የታዘዘ እንክብል ልጁን ይበልጥ አፍዝዞ ሲመልሰው፣ ቤተሰቡ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ቢተወው ሊወቀስ አይገባም። በእርግጥም አልሠራም።

በዚያው በ2010 እ.ኤ.አ. 453 ሕፃናት የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ሦስት መድኃኒቶችን አነጻጽሯል። ከአራት ወር ገደማ በኋላ ሕክምናው የሠራላቸው በኢቶሰክሲማይድ ከመቶ 53፣ በቫልፕሮይክ አሲድ 58፣ በላሞትሪጂን 29 ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተቀራራቢ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ትኩረታቸው የተጓደለ ሕፃናት በቫልፕሮይክ አሲድ ከመቶ 49፣ በኢቶሰክሲማይድ 33 ሆነው ተገኝተዋል። ኢቶሰክሲማይድ በዋናነት የሚይዘው እነዚያኑ ቲ-ዓይነት የካልሲየም በሮች መሆኑ ከላይ የተተረከውን አሠራር ያጸናል። ቫልፕሮይክ አሲድ ደግሞ ለሴቶች ልጆች ሌላ ጥንቃቄ አለበት፤ በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ይጎዳል፣ ልጆች በለጋ ዕድሜ በሚዳሩበት አካባቢ ይህ የሩቅ ሥጋት አይደለም።

እንቅልፍን በተመለከተ የቦታው ኑሮ የራሱ ድርሻ አለው። ሕፃን ከብት ለማሰማራት ወይም ውኃ ለመቅዳት ገና ሳይነጋ ይነሣል፤ ትምህርቱ በፈረቃ ሲሆንና ተራው ከሰዓት በኋላ ሲደርሰው፣ ክፍል የሚገባው እንቅልፍ በተጫነው ሰዓት ነው። ለሕመሙ ጸበል የሚሄድ ልጅ ሌሊቱን በጸሎት ቆሞ ያድራል፣ ጎሕ ሳይቀድም በቀዝቃዛ ውኃ ይጠመቃል። ጸበሉን መቃወም የሐኪም ሥራ አይደለም፣ ጥቅምም የለውም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ቀን ተኝቶ እንቅልፉን እንዲያካክስ መምከር ግን ይቻላል፤ ካህኑም ከተነገረው አብሮ ይመክራል። ጨለማ ሲሆን የሚመነጨው ሜላቶኒን በፈረንጅ አገር ተደጋግሞ ተሞክሯል፤ ጥናቶቹ ለሚጥል በሽታ የሚያረካ ማስረጃ አላስገኙም። እንጅባራ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ በመራቋ በክረምትና በበጋ የቀኗ ርዝመት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም ልዩነቱ፤ ስለዚህ የጨለማው ነገር ከወቅት ይልቅ በቤት ውስጥ ልማድ የሚወሰን ነው።

አደጋውም የቦታው ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና እንጅባራንም ዳንግላንም መሐል ለመሐል ያልፋል፤ መንገድ ሲያቋርጥ ለአሥር ሰከንድ የሚፈዝ ልጅ ምን እንደሚገጥመው መዘርዘር አያስፈልግም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በሚያከብረው በዓል የሚኮራ የአዊ ልጅ ገና በለጋነቱ ፈረስ ላይ ይወጣል፤ ልጓም የያዘ እጅ ለአሥር ሰከንድ ባለቤት አልባ ሲሆን ፈረሱ አይጠብቅም።

ለዚህ ሁሉ ኢ.ኢ.ጂ. እስኪመጣ መጠበቅ ግድ አይደለም። ልጁን አስቀምጦ ወረቀት በእጁ ማስያዝ፣ ወረቀቱ እንዲርገበገብ ለ3 ደቂቃ በጥልቀትና በፍጥነት እንዲተነፍስ ማድረግ ይበቃል። ትንፋሽ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ መድኃኒት ካልጀመሩ የአብሰንስ ሕሙማን አብዛኞቹ በዚያው ወንበር ላይ ይፈዛሉ። የልብ ወይም የከባድ ሳንባ ሕመም ያለበት ልጅ ይህን አይሞክርም። ሲፈዝ አንድ ቃል፣ ለምሳሌ «በሬ»፣ ይነገረዋል፤ ሲመለስ ምን እንደተባለ ይጠየቃል። ቃሉን ካላስታወሰ ባለሙያው የሚጽፈው ነገር አገኘ። ከዚያ እናቲቱን ትናንት ማታ ልጁ በስንት ሰዓት እንደተኛና ዛሬ በስንት ሰዓት እንደቀሰቀሰችው ጠይቆ ከውጤቱ ጎን ያሰፍረዋል።