የኦርጋኔ ሁለት ቁልፎች

ከመምህርነት በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ ለሠፈራችን ልጆች ኦርጋን አስተምራለሁ። ኦርጋን ስል በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁበትን፥ በእግር እየተረገጠ የሚነፋውን ማለቴ አይደለም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን፥ 61 ቁልፎች ያሉትን ነው እንጂ።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት አንዲት የ12 ዓመት ተማሪዬ ትዝታን ስትለማመድ፥ በለስላሳ ትጀምርና ሚ ላይ ስትደርስ ድምፁ በድንገት ይጮኽ ነበር። ላ ደግሞ አንድ ጊዜ ይሰማል፥ አንድ ጊዜ ዝም ይላል። እኔ የማስተምራቸው ትዝታ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ነው፤ ከአምስት ድምፅ ሁለቱ ሲበላሹ ምን ዜማ ይቀራል?

«ልጄ፥ አትደብድቢው፤ እጅሽ ቁጡ ነው» አልኋት።

«ጋሼ፥ ቀስ ብዬ እኮ ነው የነካሁት» አለችኝ። ሰበብ መስሎኝ በሌሎቹ ልጆች ፊት ተቈጣኋት። በማግሥቱ ቀረች፤ በሳምንቱም አልመጣችም። እናቷን መንገድ ላይ ባገኛት «ሥራ በዝቶባት ነው» ብላ ዐይኗን አሸሸችብኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ማታ ብቻዬን ተቀምጬ ያንኑ ሚ በጣቴ ጫፍ ዳሰስሁት። ጮኸ። ደገምሁት፤ አሁንም ጮኸ።

ሲነጋ ገመዱን ከኤሌክትሪክ ነቅዬ ኦርጋኑን በጋቢ ላይ በደረቱ አስተኛሁትና ብሎኖቹን ፈታሁ። (ረጅሙንና አጭሩን በአንድ ሲኒ ቀላቅዬ ስለ ነበር ኋላ ስገጥም ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተ ለየብቻ አስቀምጥ።) ከቁልፎቹ ሥር እንደ ቀበቶ የተዘረጋ ላስቲክ አለ፤ በላስቲኩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ጥቃቅን ጥቁር ካርቦኖች ይገኛሉ። ቁልፉ ሲጫን አንደኛው ቀድሞ፥ ሁለተኛው ተከትሎ ከታች ያለውን ሰሌዳ ይነካሉ። መሣሪያው በሁለቱ መካከል ያለፈችውን ቅጽበት ለክቶ፥ ጊዜው ካጠረ «በኀይል ተመታሁ» ይላል፤ ከረዘመ «በቀስታ ተነካሁ» ይላል። እንግዲህ ቆሻሻ የፊተኛውን ካዘገየው፥ የሁለቱ ጊዜ ይቀራረብና በቀስታ የነካው ሰው እንደ ደበደበ ይቈጠርበታል። ጨርሶ ካልተነካካ ደግሞ ቁልፉ ዝም ይላል። ልጅቱ የነገረችኝ እውነቷን ነበረ።

ላስቲኩን ገልጬ ባይ በሚና በላ ሥር ቡናማ ነገር ደርቆ አገኘሁ። በጣቴ ብነካው ይጣበቃል። ስኳር ነው። ወዲያው ታወሰኝ፤ ጋዜጣ እያነበብሁ የሻይ ብርጭቆዬን ኦርጋኑ ላይ ያስቀመጥሁት፥ ፈሶብኝም ከላይ ከላይ ጠርጌ ዝም ያልሁት እኔው ነኝ።

ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን አልኮል በጥጥ እያስነካሁ ሰሌዳውን አጸዳሁ። ካርቦኑን ግን ፈትጎ መጥረግ ይልጠዋልና ዳበስ ብቻ አደረግሁት። ሁሉም በደንብ እስኪደርቅ ጠብቄ መልሼ ገጠምሁት።

ይህን ማድረጉ ቀላሉ ነበር። ወደ ልጅቱ ቤት ስሄድ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስሁ፤ ጸጕሩ የሸበተ መምህር ከ12 ዓመት ልጅ ፊት ቆሞ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ለማለት ቃሉ ከጕሮሮው በቀላሉ አይወጣለትም። በሦስተኛው ቀን ደረስሁ። የሻዩንም ነገር ሳልደብቅ ነገርኋት። «እሺ ጋሼ» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም።

ቅዳሜ መጣች፤ ሌሎቹም ልጆች ነበሩና ያንኑ ለእነርሱ ደገምሁላቸው። እርሷ ተቀምጣ ዶን ሳትጀምር በቀጥታ ሚን በቀስታ ነካችው። በቀስታ ተሰማ። ጣቷን ሳታነሣ ዘወር ብላ አየችኝ።