የዋግ ወግ

እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዘመድ አዝማድ የተሰበሰበበት የቴሌግራም ግሩፕ አላችሁ? «የለንም» የምትሉ ካላችሁ ወይ ዘመድ የላችሁም፣ ወይ ታድላችኋል። እኛ አለን። ስሙም «የዋግ ወግ» ይባላል። ስሙን ያወጣው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው አጎቴ ነው። ስም ማውጣት ይወዳል (የኔንም ያወጣው እሱ ነው፤ እሱን ግን ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን)።

አባላቱ ሰባት ነን። አንዱ አሜሪካ፣ አንዷ ሪያድ፣ አንዱ ባህር ዳር፣ ሦስታችን አዲስ አበባ። የሁላችን አለቃ የሆነችው አክስቴ ደግሞ ሰቆጣ። ሰቆጣን ለማታውቁ፦ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ተራራ አልቆ ሌላ ተራራ፣ እሱም አልቆ ሌላ ተራራ… ከዚያ እሷ።

አክስቴ ግሩፑ ውስጥ የገባች ዕለት ሕግ አወጣች። በድምፅ ነው ያወጀችው (አክስቴ አትጽፍም፤ ትናገራለች)። ሕጉ አጭር ነው፦ ፖለቲካ የለም፣ ብር ላኩልኝ የለም፣ መርዶ የለም።

«መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሄዳል፣ በጠዋት በር ያንኳኳል፣ ቁጭ ብሎ ይነገራል። እዚህ ሌላ ሌላውን አውሩ» አለች።

«ሌላ ሌላው» ምንድን ነው? ቀስ በቀስ አራት ነገር ሆኖ ቀረ፦ የድሮ ዘፈን፣ የቤት እንስሳ፣ ፎቶ እና ምግብ። በቃ። ጓደኞቼ «እንዴት ትልቅ ሰው ሆናችሁ ስለ ፍየል ስታወሩ ታመሻላችሁ?» ይሉኛል። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ለእነሱ ነው።

*

ከዘፈኑ ልጀምር። አጎቴ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከካሴት የተገለበጠ ዘፈን ይልካል። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን «ሽሽሽሽ» የምትል ድምፅ አይቆርጣትም። «ዋናው እሷ ናት» ይላል። እሱ ልጅ እያለ ቴፕ ያለው ሰው ባለሥልጣን ነበር አሉ። ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቴፑ ካሴት ሲበላ ደግሞ ክሩ ቀስ ተብሎ ይወጣና በቢክ እስክሪብቶ ይጠቀለላል። ዘፈኑ ከዚያ በኋላ ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ ይወላገዳል። አጎቴ እስከ ዛሬ አንዳንድ ዘፈን ሲያንጎራጉር ካሴቱ የተበላበት ቦታ ላይ አብሮ ይወላገዳል። የምር!

ክርክሩ የታወቀ ነው። የባህር ዳሩ የአጎቴ ልጅ ማህሙድ ይላል፤ ሪያድ ያለችው አስቴር አወቀ ትላለች፤ አጎቴ ከጥላሁን ገሠሠ ወዲያ ሰው የለም ባይ ነው። ጥላሁን ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ ሦስት ቀን ሥራ አልገባም ነበር። ክርክሩ ሲከርበት ደግሞ ወደ ትምህርት ይዞርብናል። «ቅኝቶቻችን አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ አገር ስሞች መሆናቸውን ታውቃላችሁ?» እናውቃለን ጋሼ። መቶ ጊዜ ነግረኸናል።

አንድ ሐሙስ ታናሽ እህቴ «ለዋግስ ምን ቀረለት?» ብላ ጻፈች። ለቀልድ ነው። አክስቴ ግን አልቀለደችም። አርባ ሰከንድ የሚሆን ድምፅ ላከች። የሻደይ ጨዋታ ነው። በነገራችን ላይ፣ ሻደይ ማለት በዋግ ከነሐሴ 16 እስከ 21 ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ለምለም ረጅም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ የሚጫወቱበት በዓል ነው። ላስታ አሸንድዬ፣ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ የሚሉት ዘመዱ ነው። አክስቴ ከበሮ አልነበራትም፤ ጀሪካን ነው የመታችው። ከኋላ ላም ትጮኻለች። እኩሉን በአማርኛ፣ እኩሉን በኽምጣኛ ዘፈነችው።

እኔ ኽምጣኛ አልሰማም። እናቴ ትሰማ ነበር፤ እኔ ግን አዲስ አበባ ነው ያደግሁት። ያቺን አርባ ሰከንድ ስንት ጊዜ መልሼ እንደከፈትኳት አልነግራችሁም።

*

ወደ እንስሳቱ እንለፍ። የአክስቴ ውሻ ስሙ «ምን አገባህ» ነው። አገር ቤት ውሻ ሲሰየም ለጎረቤት መልእክት ማስተላለፊያም ነው፤ አክስቴ ደግሞ መልእክት አይቸግራትም። «ምን አገባህ! ና ወዲህ!» ብላ ስትጣራ በአጥሩ በኩል የሚያልፈው ሰው ሁሉ ይደነግጣል። አንዴ ግብር ሊሰበስብ የመጣ ሰውዬ «እሜቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» ብሎ መለሰላት አሉ።

ሁለተኛው ፍየሉ ነው። ዋግ የፍየል አገር ነው፤ የአበርገሌ ፍየል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይሄኛው እናቱ ሞታበት በጡጦ ቤት ውስጥ ያደገ ነው። ሲያድግ ራሱን እንደ ሰው ይቆጥር ጀመር። በግልገልነቱ የአጎቴን የድሮ ካሴቶች ካርቶን አግኝቶ ክሩን እንደ ፓስታ ስቦ ስቦ በላው። ስሙ በዚያው «ካሴት» ሆኖ ቀረ። አጎቴ ዜናውን ሲሰማ «የማንን ነው የበላው?» ብሎ ጠየቀ። የሌላ ዘፋኝ መሆኑ ሲነገረው «እንግዲያስ ጆሮ አለው» አለ።

ከካሴት ቀጥሎ ፎቶ በላ። ይሄኛው ግን ቀልድ አልነበረም።

ፎቶው አክስቴና እናቴ ልጃገረድ እያሉ ወልድያ ወርደው የተነሱት ነው። ከኋላቸው በቀለም የተሳለ ፏፏቴ፣ አጠገባቸው የላስቲክ አበባ፣ ጠረጴዛው ላይ ከየትም የማይደውል ስልክ አለ። እናቴ የስልኩን እጀታ ይዛ ከማን ጋር እንደምታወራ እንጃ፣ ትስቃለች። እናቴ ግሩፑ ውስጥ የለችም፤ ግሩፑ ሳይከፈት ነው ያረፈችው። የልጅነቷ ፎቶ ያ ብቻ ነው።

ካሴት ፎቶውን ከታች ጀምሮ በላው። ሲደረስበት ከጉልበት በታች ያለው አልቋል። እኔ ልጮህ ስል አክስቴ በድምፅ መጣች፦ «ተወው። ጫማው የተዋስነው ነበር።»

*

ስለ ፎቶ ካነሳን አይቀር አንድ ልጨምር። አክስቴ የምትልከው ፎቶ ሁሉ ሲሶው አውራ ጣቷ ነው። ከአለት የተፈለፈለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን አንስታ ስትልክልን እንኳ፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ያህል አውራ ጣት ነው የደረሰን። ግን ለኔ የዚያ አገር ፎቶ ያ ነው።

ዓለም የያዘው ሌላ ፎቶ ነው። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ስለ ረሃቡ ያሳየው፣ መሐመድ አሚን የቀረፀው ፊልም የተነሳው ከሰቆጣ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ኮረም ነው። በዚያው ዓመት ባንድ ኤይድ ተብለው የተሰበሰቡ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ዘፈን አወጡልን። ዘፈኑ እዚያ ያሉት ሰዎች ገና መድረሱን ስለማወቃቸው ይጠራጠራል። ላሊበላ ከሰቆጣ በስተ ደቡብ፣ ከተራራው ባሻገር መሆኑን ልብ በሉልኝ! አጎቴ በየዓመቱ ታህሣሥ 29 ይህንኑ ዘፈን ግሩፑ ላይ ይለጥፍና «ቀኑን የማያውቁትስ እነሱ ናቸው፤ በአሥራ ሦስት ቀን ይቸኩላሉ» ብሎ ይጽፋል። ከዘፈኑ የተገኘው ገንዘብ ነፍስ ማትረፉን ማናችንም አንክድም። አጎቴም ይህን ስለሚያውቅ ነው የሚስቀው፤ የዚያን ዓመት እህል ተሰልፈው ከተቀበሉት አንዱ እሱ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገባና ስሙን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። መልካም ነገር ነው። ግን የከተማችሁን ስም በእንግሊዝኛ ፈልጋችሁ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ የምግብ እጥረት ሲሆን ምን ይሰማችኋል? አክስቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፦ «ስንራብ ያየን ብዙ ነው፤ ስንበላ ያየን የለም።»

ስለዚህ ስትበላ ታሳየናለች። ሕልበት (ከአውራ ጣት ጋር)። የሰቆጣ ነጭ ማር (ማሩ ውስጥ የገባ አውራ ጣት)። የማሽላ እንጀራ። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣ። የዓሣው ፎቶ የመጣው በጾም ስለነበር ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። ባህር ዳር «ዓሣ የጾም ነው» አለ። ሪያድ «አይደለም» አለች። አክስቴን ስንጠይቃት «እናንተ ተከራከሩ፤ እኔ በልቼ ጨርሻለሁ» አለች።

*

ከዚያ ነሐሴ 2013 መጣ።

ጦርነቱ ዋግ ደረሰ። ስልኩ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ። ከአክስቴ ስም ሥር ያለው «ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው» የሚል ጽሑፍ መጀመሪያ «በቅርቡ»፣ ከዚያ «በሳምንት ውስጥ»፣ ከዚያ «በወር ውስጥ» አለ። በመጨረሻ «ከረጅም ጊዜ በፊት» ብሎ ቆመ። በሻደይ ሰሞን እህቴ ያቺን የአርባ ሰከንድ ድምፅ መልሳ ለጠፈቻት። ማንም ምንም አልጻፈም።

ሕጉ ፖለቲካ የለም፣ መርዶ የለም ይላል። እኛ ደግሞ ሌላ የምናወራው ጠፋን። አጎቴ ብቻ ሐሙስ ሐሙስ ዘፈን መላኩን አላቆመም። አንድ ሌሊት ተናድጄ ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ አሁን ዘፈን ምን ያደርጋል?»

ትንሽ ዝም አለና «ካቆምኩማ ሞታለች ማለቴ ነው» አለኝ።

ከወራት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኬ ጮኸ። ከአክስቴ ፎቶ መጥቷል። ሲሶው አውራ ጣት ነው። በቀረው ቦታ አንድ የውሻ ጆሮ ይታያል። ሥሩ ሁለት ሰከንድ የምትሆን ድምፅ አለች፦

«ምን አገባህ አለ።»

ምግብ ቤት ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። አጎቴ ከአሜሪካ «ማንን ነው ምን አገባህ ያለው?» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሰባታችንም ስንስቅ ነው ወይስ ስናለቅስ… እንጃ፣ ግሩፑ እስከ ማታ አልተዘጋም። እህቴ «ካሴትስ?» ብላ ጠየቀች። አክስቴ አልመለሰችም። ቆይታ «ዛሬ ምን በላችሁ?» አለች።

መንገዱ ሲከፈት ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ቡና አፍልታ፣ አቦሉን አጠጥታ፣ ከዚያ ነገረችኝ። እህል አልቆ ማሽላ ቆሎ ብቻ የበሉባቸው ሳምንታት ነበሩ። ጨው እንኳ አልነበረም። ጎረቤት አምስት ሕፃናት ነበሩ። ካሴትን ያረዱት ለእነሱ ነው።

«ፎቶዬን በላ፣ በላነው። ተወራረድን» አለች። ሳቀች። ከዚያ መሳቁን ተወች። ያን ጠዋት የነገረችኝ ሌላም ነበር። እሱን እዚህ አልጽፈውም፤ መርዶ በጽሑፍም አይነገርም።

*

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ስለ ፍየል የምናመሸው ለዚህ ነው። «ዛሬ ምን በላሽ?» ስላት መብላቷን ነው የምጠይቃት። አውራ ጣቷን ስታሳየኝ እጇ ደህና መሆኑን አያለሁ።

ያለፈው ሳምንት ዜና፦ አክስቴ አዲስ ግልገል ይዛለች። ስሙን «ዳታ» ብላዋለች፤ «ሲበላ አይታይም፣ ግን ሁሉ ነገር አልቆ ይገኛል» ነው ምክንያቷ። አጎቴ ደስ ብሎት በሐሙሱ ላይ አንድ ዘፈን መረቀ። የእናቴና የአክስቴ ፎቶ ደግሞ አሁን ከፍ ብሎ፣ ፍየል በማይደርስበት ተሰቅሏል። ጫማ የላቸውም። እናቴ አሁንም ስልኩን ይዛ ትስቃለች።

በሉ እኔ ልሂድ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። ቸር ወግ ያሰማን!