ሌንስ ከመምረጣችሁ በፊት የምትቆሙበትን ቦታ ምረጡ

«ለጉዞ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አገር ቤት ያለ ወጣት ነው፤ ገንዘቡን አጠራቅሞ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው አንድ ሌንስ ብቻ ማስመጣት ይችላል። ሌላው ውጭ አገር የሚኖር ነው፤ ለገና ወይም ለጥምቀት ሲመጣ ምንም ነገር እንዳያመልጠው ሦስት አራት ሌንስ ሻንጣው ውስጥ ለማጨቅ ያስባል። ለሁለቱም የምሰጠው መልስ አንድ ስለሆነ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

መልሴ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ከምታነሱት ሰው ምን ያህል ርቃችሁ መቆም እንደምትፈልጉ ወስኑ። ሌንሱ ከዚያ በኋላ ይከተላል።

ይህን የምለው ለስብከት ያህል አይደለም፤ የሌንስ አሠራር ራሱ የሚለው ነው። የአንድ ሰው ፊት በፎቶ ላይ ምን እንደሚመስል የሚወስነው በእናንተና በእሱ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከግማሽ ሜትር ባነሰ ርቀት ተጠግታችሁ በ24 ሚሊ ሜትር ብታነሱት አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ በ85 ብታነሱት ፊቱ እንደምታውቁት ሆኖ ይወጣል። እዚያው ሁለት ሜትር ላይ ቆማችሁ በ24 ካነሳችሁት በኋላ ፊቱን ብቻ ቆርጣችሁ ብታስቀሩም የፊቱ ቅርጽ ከ85ቱ ጋር አንድ ነው፤ የሚጎድለው ጥራቱ ብቻ ነው። ሌንስ የሚያደርገው ከቆማችሁበት ሆኖ ከሚታየው ምን ያህሉ ፍሬም ውስጥ እንደሚገባ መወሰን ነው። ስለዚህ 70-200 ይዞ የወጣ ሰው ርቆ ለመቆም፣ 35 ይዞ የወጣ ደግሞ ለመጠጋት ገና ከቤቱ ሳይወጣ ወስኗል።

ላሊበላን እንውሰድ። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከቋጥኝ የተፈለፈሉ ስለሆኑ ውስጣቸው ብርሃን የሚገባው በትናንሽ መስኮቶች ነው። ከጠራራ ፀሐይ ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት መቆም አለባችሁ። ካሜራም እንዲሁ ይቸገራል። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው 18-55 ኪት ሌንስ ዙሙ ጫፍ አካባቢ ሲደርስ ኤፍ 5.6 ነው። ኤፍ የምንለው ቁጥር የሌንሱ ሚሊ ሜትር ብርሃን ለሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ላይ ኤፍ 5.6 ማለት ቀዳዳው 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ኤፍ 1.8 የሆነው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል። የሚያስገባው ብርሃን ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ኪቱ አንድ ስድስተኛ ሰከንድ በሚፈልግበት ጨለማ ውስጥ ይህ ሌንስ በአንድ ስልሳኛ ሰከንድ ያነሳል። በአንድ ስድስተኛ ሰከንድ መስቀል የያዘ የቄስ እጅ ይደበዝዛል፤ በአንድ ስልሳኛው ጥርት ብሎ ይወጣል።

ፍላሽ ለምን አንጠቀምም የሚል ካለ፣ በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ዘመናትን የተሻገሩ ናቸው፣ ቦታውም የጸሎት ቦታ ነው። ቀኑን ሙሉ መስቀል ይዘው ለጎብኚ የሚቆሙት ካህንም ዓይን አላቸው። ፍላሽ የማያስፈልገው ሌንስ መያዝ ለእሳቸው ክብር መስጠት ነው።

በዚህ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ዙም የለም። ቄሱን ለማንሳት ሁለት ሦስት እርምጃ ድረስ መጠጋት ግድ ነው። ያን ያህል የተጠጋ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አያነሳም። «አባ ይፍቱኝ» ይላል፣ መስቀል ይሳለማል፣ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፣ ከዚያ ፎቶ ለማንሳት ይፈቀድለታል ወይም ይከለከላል። እኔ ትንሿን ሌንስ የምወደው ስለዚህ ነው። ያለ ሰላምታ ፎቶ ማንሳት እንዳይቻል ታደርጋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የሴንሰራችሁ መጠን ምርጫውን ይለውጠዋል። ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙዎቻችን የያዝነው ግን ከዚያ ያነሰ፣ ክሮፕ የሚባለው ነው፤ በእሱ ላይ 50 ሚሊ ሜትር እንደ 75 ይሆናል፣ በካነን ደግሞ እንደ 80። ለፊት ጥሩ ነው፤ በላሊበላ ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ግን ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶም ሰውየው ሙሉ በሙሉ አይገባላችሁም። ክሮፕ ካሜራ ያላችሁ 35 ሚሊ ሜትር ፈልጉ። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ካርቲየ ብሬሶን አብዛኛውን የሕይወት ዘመን ሥራውን የሠራበት 50 ሚሊ ሜትር በእናንተ ካሜራ ላይ የሚገኘው በ35 ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ደጅ ላይ በተደረደሩበት፣ ከዚህ የተሻለ ሌንስ አላውቅም። ሰውየውም፣ የስፌት መኪናውም፣ ከኋላው ያለው ግድግዳም አንድ ላይ ይገባሉ።

«ሰፊ ሌንስስ አያስፈልግም?» ትሉኛላችሁ። ያስፈልጋል፤ ግን ብዙዎቻችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁታል። የዘመኑ ስልኮች ዋና ካሜራ በፉል ፍሬም ሲሰላ ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ላሊበላ ላይ የቤተ ጊዮርጊስን የመስቀል ጣሪያ ከነጉድጓዱ ከላይ ሆኖ ለማስገባት ይበቃል። በገና ዕለት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉ ሲያሸበሽቡም፣ ነጭ ለባሹን ሕዝብ ጠቅልሎ ለማሳየት ብርሃን እስካለ ድረስ ስልኩ አያሳፍርም። ፎቶ አንሺው ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኞች ያሳየበትን «ሙቪንግ ሻዶውስ» የተባለውን ሥራውን የሠራው በስልክ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ነበር። ስለዚህ ገንዘባችሁን ስልካችሁ ለማይችለው ነገር አውሉት፤ ጨለማ ውስጥ ለሚያነሳና የሰውን ፊት ሳያዛባ ለሚያወጣ ሌንስ።

ረጅም ሌንስን በተመለከተ ሁለት ጉዳዮችን መለየት አለብን። የዱር እንስሳ አንዱ ነው። ባሌ ሳነቴ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ከፍ ባለው ሜዳ፣ ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚሄድ ሰው 300 ወይም 400 ሚሊ ሜትር ቢይዝ ትክክል ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 የማይበልጡ እንደሆኑ የሚገመቱ እንስሳት ናቸው፤ እነሱን አለመጠጋት ራሱ እንክብካቤ ነው። በስሜን ገደል ላይ ለሚውለው ዋልያም እንዲሁ። ጭላዳ ግን የተለየ ነው። ሰው ስለለመደ ሣሩን እየነጨ አጠገባችሁ ይደርሳል፤ ለእሱ ብላችሁ ትልቅ ሌንስ ዳገት ላይ አትሸከሙ።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰውን በረጅም ሌንስ ከሩቅ ማንሳት ነው፤ እዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ምንጭ ላይ ውኃ የምትቀዳ ሴት፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ የምታለቅስ እናት፣ በመንገድ ዳር የተቀመጠ ችግረኛ፣ ፎቶ መነሳታቸውን ሳያውቁ ከመንገድ ማዶ በ200 ሚሊ ሜትር ይነሳሉ። ፎቶው ያምራል፤ የጀርባው ብዥታ ያምራል። ግን ያ ሰው ስሙን አልተጠየቀም፤ እምቢ የማለት ዕድልም አላገኘ።

በጉዞ ፎቶ ታሪክ ከታወቁት ሁሉ የበለጠ የታወቀው ፊት ይህን ያስታውሰኛል። ፎቶ አንሺው ስቲቭ መከሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ፓኪስታን ውስጥ በአንድ የስደተኞች ጣቢያ አንዲት አፍጋናዊት ልጅ በ105 ሚሊ ሜትር ሌንስ አነሳ። በ1985 እ.ኤ.አ. ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፤ ዓለም ዓይኖቿን አወቀ። ሻርባት ጉላ የሚለው ስሟ የታወቀው ግን በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ሌንሱ ለቁም ፎቶ ከተሠሩት ምርጦች አንዱ ነበር፤ ፎቶውም በጥበቡ የሚነቀፍ አይደለም። ቢሆንም 17 ዓመት ሙሉ ያ ሁሉ ሰው የተመለከታት ልጅ ስም አልነበራትም። ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚሄዱ ጎብኚዎችና የሙርሲ ሰዎች «በአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር» ወደሚል ድርድር የገቡትም ከዚሁ የተነሳ ይመስለኛል። ፎቶው ብቻ ከተፈለገ፣ ተነሺውም ዋጋውን ብቻ ይጠይቃል።

ዙምን የሚነቅፍ ሰው አይደለሁም። ዙም ግድ የሚሆንበት ቦታ አለ። ጥር 11 ጎንደር ፋሲል መዋኛ ጠርዝ ላይ ሕዝቡ ከግራ ከቀኝ ሲገፋችሁ፣ ወጣቶቹም ወደ ውኃው ሲዘሉ፣ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አትችሉም፤ ሌንስ ለመቀየርም እጅ አይተርፋችሁም። አፋር ውስጥ ዳሎል አካባቢም፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ሞቃት ስፍራ፣ ነፋሱ አቧራና ጨው ይዞ ይመጣል። ሌንስ በፈታችሁ ቁጥር ከዚያ አቧራ የተወሰነው ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ በምታነሱት ሰማይ ሁሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ እንደ 24-105 ኤፍ 4 ያለ አንድ ዙም ጠዋት አስራችሁ ማታ ክፍላችሁ ውስጥ ብትፈቱት ይሻላል። ካሜራው የግድ ውጭ መከፈት ካለበት አጥፉት፣ አፉን ወደ መሬት አዙሩት፣ ለነፋሱ ጀርባችሁን ስጡ።

ክብደቱንም አትናቁት። የካነን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ 160 ግራም ነው። የዚያው ድርጅት ዲኤስኤልአር ለሚባሉት ባለ መስታወት ካሜራዎች የሠራው 70-200 ኤፍ 2.8 ደግሞ 1.5 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በሜዳ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ከሰዓት በኋላ ትከሻችሁ ይነግራችኋል። የከበደ ቦርሳ ሆቴል ይቀራል፤ ሆቴል የቀረ ሌንስ ደግሞ አያነሳም።

እንግዲህ ጠቅለል ላድርገው። አንድ ሌንስ ብቻ መግዛት ለምትችሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፦ ክሮፕ ካሜራ ካላችሁ 35፣ ፉል ፍሬም ከሆነ 50፣ ሁለቱም ኤፍ 1.8 ወይም ኤፍ 2። ኪቱን አትሽጡት፤ ለቀን ብርሃን ይበቃል። ከውጭ ለምትመጡት፦ አንድ 24-105 ወይም በካሜራችሁ ልክ ከእሱ ጋር የሚመጣጠን ዙም፣ ለጨለማው አንድ ትንሽ ኤፍ 1.8። ረጅሙን ሌንስ ለባሌ፣ ለዋልያና ለወፍ ስትሄዱ ብቻ ያዙት።

ከዚህ በላይ ገንዘብ የተረፈው ሰው ሌላ ሌንስ ለመግዛት ከመሮጡ በፊት ዋጋው ስንት የማደሪያ ቀን እንደሚሆን ያስላ። ብራዚላዊው ፎቶ አንሺ ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ «ጄነሲስ» ለተባለው ሥራው ከላሊበላ ተነስቶ ወደ ስሜን ተራሮች በእግሩ ተጉዟል። የእግር ጉዞ ጊዜ ይሰጣል። እኛ ያን ያህል መሄድ ባንችልም፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ተጨማሪ ማደር እንችላለን። በመጀመሪያው ቀን እንግዳ ናችሁ፤ ልጆች ይከቧችኋል፣ ትልልቆቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። በማግስቱ ቡና ላይ ትጠራላችሁ። በሦስተኛው ቀን እማማ «ትናንት ያነሳኸኝን አሳየኝ» ይሏችኋል፤ ከዚያ በኋላ የምታነሱትን ፎቶ በምንም ዓይነት ሌንስ ከመንገድ ማዶ ማግኘት አይቻልም። አቅሙ ካላችሁ ሌንሱንም ቀኑንም ያዙ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የምትችሉ ከሆነ ግን ቀኑን ምረጡ።