ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ስለ ፍሪሲዮን ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ፍሪሲዮን በልቷል» የሚለውን ብቻ ነው። ነገር ግን ፍሪሲዮን በሁለት መንገድ ይበላሻል፤ ወይ አልይዝም ይላል፣ ወይ አልለቅም ይላል። ሁለቱን አለመለየት ባለመኪናውን ያለ አግባብ ያስወጣል።

ይህን በተግባር ያየሁት በአጎቴ አሮጌ ፒካፕ ላይ ነው። አጎቴ ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት እየጫኑ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት በዚችው መኪና ነው። አንደኛና የኋላ ማርሽ ሲያስገቡ እየጮኸ እምቢ አላቸው። ጋራዥ ሲጠይቁ «ካምቢዮ ወርዶ ዲስክ፣ ፕሌትና ኩሺኔታ ይቀየር» ተባሉ። ወጪው የወር ገቢያቸውን የሚበላ ነበር፤ ቲማቲም ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

«ጋሼ፣ እስቲ ሞተሩን ያጥፉትና ማርሽ ያስገቡ» አልኳቸው። ሁሉም ማርሽ ሰተት ብሎ ገባ። ስለዚህ ጩኸቱ የማርሾቹ ሳይሆን የማይለቀው ፍሪሲዮን ነው። ሞተሩን አስነስተው ፔዳሉን ሦስት አራቴ ደጋግመው ሲረግጡት ማርሹ ገባ፤ ይህ የዘይት ግፊት መድከሙን ያሳያል። ከዚያ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ በሦስተኛ ማርሽ ፔዳሉን ቀስ ብለው ሲለቁ ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። ዲስኩ ገና ይይዛል ማለት ነው።

የዘይቱን ዕቃ ሳይ ጎድሏል። ከካምቢዮው ጎን ያለውን የታችኛውን ፓምፕ ላስቲክ ገለጥ ሳደርገው ርሷል። ውስጡ አለመቧጨሩን አይተን ጎሚኒውን ቀየርንና የፍሬን ዘይት ሞላን (የሞተር ዘይት ጎሚኒ ያሳብጣል)። አየሩንም አወጣን፦ አጎቴ ረግጠው ይይዛሉ፣ እኔ ከታች እከፍታለሁ፣ ፔዳሉ ሳይለቀቅ እዘጋለሁ፤ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ። ካምቢዮው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ አጎቴም በማግስቱ ጭነት ሄዱ።

ይህ ሲባል ካምቢዮ ፈጽሞ አይውረድ ማለት አይደለም። የታችኛው ፓምፕ ዘንግ በደንብ እየገፋ ማርሹ አሁንም ከጮኸ ችግሩ ውስጥ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ካለም ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነውና ዘይት መሙላት ጊዜ ማባከን ነው።

እነዚህ ፈተናዎች ሩብ ሰዓት አይፈጁም፤ መፍቻም አይጠይቁም። ነገ ጋራዥ ስንገባ ከነሱ እንጀምር፤ መኪናው የሰው እንጀራ ነውና።