«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

አባዬ ስለ ቮልሱ ሲጠየቅ መልሱ አንዲት ቃል ነበረች፤ ስንት ሞዴል ናት? «ስድሳ»። አለቀ።

ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት እያለሁ አንድ ማታ ስልኬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የ1960 ቮልስ ፎቶ አወጣሁለት። የፎቶው የፊት መብራት ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው፣ የእሱ ቀጥ ያለ። የፎቶው ቸርኬ በአምስት ቡሎን ይታሰራል፣ የእሱ በአራት። «አባዬ፣ ይቺ ስድሳ አይደለችም። ሸውደውሃል» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ስድሳ ናት» ብሎ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

አባዬ ካረፈ በሁለተኛው ዓመት እማዬ «ወይ ትሠራ፣ ወይ ትሸጥ» አለችኝ። ቸርኬ ፍለጋ የድሮ መኪና እየተፈታ የሚሸጥበት ግቢ ሄድኩ። ጥጉ ላይ አምስት ስድስት ቮልስ፣ ግማሹ በር የለውም፣ ግማሹ ኮፈን የለውም። ባለ ግቢው ሽማግሌ ናቸው።

«ስንት ሞዴል ናት?»

«አባቴ ስድሳ ይል ነበር፤ ግን አይደለችም።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

መልስ አልነበረኝም። ለካ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

«መብራት አይተህ ሞዴል አትናገር» አሉኝ። የቮልስ የፊት መብራት ያለው ፓራፋንጎው ላይ ነው፣ ፓራፋንጎ ደግሞ በቡሎን ይፈታል። አንዱ ሲጋጭ የሌላው ይገጠምለታል። በርም እንደዚያው። «የኋላ ወንበሯን አንሳና ሻንሲ ቁጥሯን አንብብ።»

ቤት ገብቼ ወንበሩን አነሳሁ። ከባትሪው አጠገብ፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ጉብታ ላይ፣ አቧራውን በጨርቅ ጠረግኩት። 118 ብሎ ይጀምራል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የቮልስ ሻንሲ ቁጥር ሦስተኛ አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ 115 ማለት 1965 ነው፣ 118 ደግሞ 1968።

ቮልስዋገን ያኔ ሞዴል የሚቀይረው በጃንዋሪ አልነበረም፣ በኦገስት ነው። የ1968 ሞዴል መመረት የጀመረው በኦገስት 1967 ነው። ወር ከምናምን ቆይቶ ደግሞ እኛ እንቁጣጣሽ ብለን 1960 ዓ.ም. ገባን። የፋብሪካው ዓመትና የእኛ ዓመት ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት ማለት ነው። 1968 ሲቀነስ 8፣ ስድሳ።

ማንም አልሸወደውም።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ቀን የሚቀበል ፕሮግራም ስጽፍ መጀመሪያ የማጣራው በየትኛው አቆጣጠር እንደተሞላ ነው፤ ይህን ያልጠየቀ ጀማሪ ሲገጥመኝ እቆጣለሁ። አባቴን ግን፣ በአንድ ፎቶና በአራት ቡሎን፣ ዕድሜውን ሙሉ የተታለለ ሰው አድርጌው ነበር። እሱም አላስረዳኝም። ምናልባት በቤቱ፣ በገዛ ልጁ ፊት፣ «በእኛ» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል ብሎ አላሰበም።

ወንበሩን መልሼ እላዩ ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ «ምን አገኘህ?» ብላ ከበረንዳው ጮኸች። «ስድሳ ናት» አልኳት። «እሱማ ነግሮህ ነበር» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ገዢ ደወለ። ስንት ሞዴል ናት ሲለኝ «ስድሳ» አልኩት። ከዚያ ቶሎ ብዬ «በእኛ» አልኩ።