የአሸንዳ ልክ

ድሬዳዋ ፀሐይ የበዛባት፣ ዝናብ ያነሰባት ከተማ መሆኗን የማያውቅ የለም። የዓመቱ ዝናቧ በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይኸውም አዲስ አበባ ከምታገኘው ግማሹን ያህል ነው። ስለዚህ ቤት ሠርተን አሸንዳ ለማሰቀል በተነሣን ጊዜ፣ ዝናቡ ትንሽ ነውና ትንሽ አሸንዳ ይበቃል ብለን ፈረድን። ባለሙያው ግን ቀና ብሎ ጣራውን አየና፣ «ጌታዬ፣ ሰፋ ያለው ይሻልዎታል፤ መውረጃውም ሁለት ይሁን» አለን። እኛም ዋጋ ሊጨምርብን የፈለገ መስሎን፣ ጠባቡን አሸንዳ ከአንድ መውረጃ ጋር አዘዝን። በቢሮ የሰውን ሒሳብ ስንመረምር እየዋልን፣ የገዛ ጣራችንን ለመለካት አልደከምንም።

በነሐሴ ወር አንድ ቀን ማምሻውን ዝናብ ጣለ። ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም። ነገር ግን ውኃው አሸንዳውን ሞልቶ፣ ጠርዙንም ዘሎ፣ በጎረቤታችን በአንዲት አሮጊት የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲወርድ ቆየ። ሲነጋ ግድግዳው እስከ ማገሩ ተልጦ አገኘነው። ይቅርታ ልንጠይቅ ብንሄድ እማማ ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ ዝናቡ የእግዜር ነው፤ ውኃው ግን ከእናንተ ጣራ ነው የመጣው» አሉን። መልስ አልነበረንም።

በዚያው ቀን ሜትር ይዘን ጣራውን ለካን። ጣራችን ወደ ሁለት ወገን የሚያፈስ ሲሆን፣ አንዱ ወገን ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ በጠቅላላው 40 ካሬ ሜትር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። እንግዲህ ዝናቡ በሰዓት 90 ሚሊ ሜትር በሚያህል ኃይል ቢወርድ፣ በአንዱ ወገን በየደቂቃው 60 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሦስት ይሞላል። አሸንዳን የሚፈትነው ይህ የደቂቃው ውኃ እንጂ የዓመቱ ድምር አይደለም። ስሕተታችንም እዚህ ላይ ነበረ።

ሌላም የተማርነው ነገር አለ። ቅርጹ ሳይለወጥ የአሸንዳው ስፋትም ጥልቀትም እጥፍ ቢሆን፣ የሚሸከመው ውኃ እጥፍ ብቻ ሳይሆን ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። በሁለቱም ጫፍ መውረጃ ሲደረግለት ደግሞ እያንዳንዱ መውረጃ የግማሹን ጣራ ውኃ ብቻ ይቀበላል። አሸንዳውም በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት፤ ያለዚያ ውኃው ይተኛል፣ አቧራና ቅጠልም ይሰበስባል።

ይህን ሒሳብ በምንሠራበት ጊዜ ደቻቱ ትዝ አለን። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከከዚራ ወደ መጋላ የሚሻገር ሰው ጫማው እንኳ ሳይርስ ያልፍበታል። ነገር ግን የሚቀበለው በከተማው ላይ የሚዘንበውን ብቻ አይደለም፤ በስተደቡብ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ላይ የሚወርደው ዝናብም ወደ እርሱ ይጎርፋል። ተራሮቹ ጣራ ቢሆኑ፣ አሸንዳው ደቻቱ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ከዚያ የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎችንም ያለ ቤት አስቀረ። የደረቀውን አሸዋ አይቶ ወንዙን መናቅ፣ የዓመቱን ዝናብ አይቶ አሸንዳን እንደ ማጥበብ ነው። የእኛ ስሕተት በአንድ ግድግዳ አበቃ፤ የዚያ ሌሊት ኀዘን ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ አለ።

ባለሙያውን መልሰን ጠራነው። «ብዬዎት ነበር» አለማለቱ እጅግ አሳፈረን። ሰፊውን አሸንዳ ከሁለት መውረጃዎች ጋር ሰቀለልን፤ ውኃውም በገዛ ግቢያችን በኩል እንዲወጣ አደረግን። የእማማንም ግድግዳ አስመረግን። ለዚህ ሁሉ ያወጣነው ገንዘብ በመጀመሪያ ቆጠብን ካልነው እጅግ ይበልጣል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በእኛ ደረሰ።

አንባቢ ሆይ፣ ቤት የምትሠራ እንደ ሆነ ሰማዩን አይተህ አትወስን፤ ጣራህን ለካ፣ የኃይለኛውን ዝናብ ደቂቃ አስብ፣ ውኃውም በማን በኩል እንደሚያልፍ አስቀድመህ ተመልከት። አሸንዳህንም ክረምት ሳይገባ በሰኔ ጥረገው። እኛም እንግዲህ በየሰኔው መሰላል ይዘን እንወጣለን፤ እማማም ከታች ሆነው መሰላሉን ይይዙልናል።